የቅሬው ወንበሮች አልደረቁም

ሰኔ 28 ቀን 1972

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ፣ ደብተሬ፤ ከአንቺ ግን አይለፍ። ደሴ ውስጥ ወንበሩ የተሰበረበት፣ ቡፌው የላላበት፣ ቁም ሳጥኑ የተላላጠበት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የራሴ ቤት ወንበሮች ግን አራቱም ይወዛወዛሉ። እንግዳ ሲመጣ ቀደም ብዬ እገባና ከእግራቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት እወትፋለሁ። ትናንት ጎረቤቴ ፀሐይነሽ አንዱን ወረቀት በእግሯ ሳበችው፤ አንስታ ዘረጋችው፤ አነበበችው። የቀበሌ የስብሰባ ጥሪ ነው። «ያልመጣኸው ለዚህ ነዋ» አለችኝ።

አንቺም ብትሆኚ ከመሠረተ ትምህርት የተረፍሽ ነሽ። የተሰጠሽው ለእናቴ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ በ«ሀ» ሞላችውና፣ «ይኸው አወቅሁት፤ የቀረውን አንተ ጨርስ» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

እናቴ ሐዋ ከግንቦት ወዲህ ተኝታለች። አልጋዋና የሥራ ክፍሌ የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ ስፍቅ እሷ ትሰማለች፤ እሷ ስታስል እኔ እሰማለሁ። ሐኪሙ ልቧ ደክሟልና ትረፍ አለኝ። ፀሐይነሽን ደግሞ በር ላይ ለብቻዋ አቁሞ ረዘም አድርጎ አወራት። ምን እንዳላት አልጠየቅኋትም። ሐኪምም ሲሆን ወሬ ይወዳል።

ዛሬ ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ሥራ ሰጠኝ። ፒያሳ ያለው የተወረሰው ሆቴል አሮጌ ዕቃውን ሲያወጣ ሃያ አራት ወንበር ለለቀስተኛ መቀመጫ ተገዛ። እስካሁን ሰዉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለቅሶ የሚቀመጠው አግዳሚ ላይ ነበር። ወንበሮቹ የጣሊያን ጊዜ ናቸው። ዋንዛ። መደገፊያቸው ሦስት ቋሚ አለው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሙሄዲን፣ ሐምሌ ሳያልቅ ፍቀህ ቀባቸው አሉኝ። ክረምት ስለሆነ ነው አሉ፤ ሽማግሌ ሁሉ የሚጣደፈው በክረምት ነው።

ሐምሌ 9

ጾም ገብቷል። በባዶ ሆድ የአኳራጅ ሽታ ምን እንደሆነ ቀለም ያቀጠነበት ያውቀዋል።

ወንበሮቹ ጉድ ናቸው። ከላይ ቀይ ተቀብተዋል፤ ይሄ ከተወረሰ በኋላ ነው። ከቀዩ ሥር ክሬም አለ። ከክሬሙ ሥር ቡኒ። ከቡኒው ሥር ሰም። ሆቴሉ በደህናው ዘመን በየሳምንቱ በሰም ያስወለውላቸው ኖሮ እንጨቱ ጠጥቶታል። ሰሙን ካላወጣሁ የሚቀባው ቀለም እንደማይዝ በልጅነቴ ከሙያ ጌታዬ ተገርፌ የተማርኩት ነው። ከሰሙ ሥር ዋንዛው እንደ ቀጭን ሻይ ቀላ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ሥራው ደስ ይላል።

በቀን አንድ ወንበር እፍቃለሁ። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ፣ «አሁን ድምፁ ቀጠነ» ትላለች። እግሩ ላይ ደርሰሃል ማለቷ ነው።

ሐምሌ 16

አሥራ አምስተኛውን ፈቅሁ። ወገብ የሚባል የለኝም።

የቀሩት ዘጠኙ ቀለማቸው እምብዛም አልተላላጠም። ላምባ በነካ ጨርቅ ወልውዬ ልቀባቸው ነው። ከላይ ያው አንድ ናቸው።

ሐምሌ 20

ቀይ ቀለም በከተማው የለም። ለመስከረም ሁለት በዓል ቅስት ተይዟል። የአክስቴ ልጅ እንድሪስ ኮምቦልቻ ወርዶ አረንጓዴ አገኘ። ለለቅሶ አረንጓዴ አይከፋም። ሣር ነው።

ሐምሌ 27

ጨረስኩ። ሃያ አራቱም አንድ መልክ። ጋሽ ሙሄዲን ዞር ዞር እያሉ አዩና «ማሻአላህ፣ ሆቴል በነበሩ ጊዜም እንዲህ አልነበሩ» አሉ። ዘጠኙን ከግድግዳው በኩል ነበር የደረደርኳቸው። እንዲሁ ነው፣ ቦታ ስለበቃቸው።

ነሐሴ 3

የሰፈራችን አቶ እንየው አረፈ። ለፋፊው ገና ሳይነጋ ጮኸ። ወንበሮቹ እየወጡ ነው። ዝናብ። ልሩጥ።

ነሐሴ 4

እንዴት ተደርጎ ይጻፋል።

ቀብሩ በደህና አለፈ። ከቀብር መልስ ዝናቡ ስለባሰ ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ሰው በዛ፤ ድንኳኑ ሞቀ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጋሽ ሙሄዲን ሊነሱ ሲሉ ወንበሩ አብሯቸው ተነሳ። መልሰው ተቀመጡ። ዙሪያውን አላዩም፤ እኔን ብቻ አዩ።

ከዚያ ሌላውም ሊነሳ ሞከረ። የሟች ወንድም፣ ከኩታበር በእግሩ የመጣው፣ ሁለት ሰው ይዞ አላቀቀው። ሲዞር ነጭ ጋቢው ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ሦስት አረንጓዴ መስመር። የሚቀጥለውም ሦስት። የሚቀጥለውም። ከኋላ በኩል የሆነ ሰው አፈነ፤ ሌላው ማፈን አቃተው፤ ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። የሟች ሚስት አትጠገብ ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አየች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። አየች ብቻ።

መንገድ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ባለመስመሮቹን አግኝቶ ከየትኛው ማኅበር እንደሆኑ ጠየቃቸው አሉ። ለሰልፉ ልምምድ የወጡ መስሎት ነው። ከለቅሶ ነው የመጣነው ሲሉት፣ መደራጀታችሁ ደግ ነው ብሏቸው አለፈ።

ጥፋቱ የኮምቦልቻው ቀለም ነው። ደግሞም የደሴ ጉም። በዚህ ጉም ምን ይደርቃል። የተጣበቁት ዘጠኝ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ እኔ በምን አውቃለሁ።

ነሐሴ 6

ዒድ። እናቴን ዒድ ሙባረክ ለማለት ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ለሁሉም ወንበር አቀረብኩ። ሁሉም አመስግኖ ቆሞ መረቃት።

ነሐሴ 9

የቅሬው ስብሰባ ነበር። አትጠገብ ተነስታ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጋቢ ይታጠባል። በእንየው ለቅሶ ግን ሰው ሳቀ። እሱን ማን ያጥብልኛል?»

እኔ ስለ ጉሙ አስረዳሁ። ስለ ቀለሙም። እንድሪስን አነሳሁት። አንድ አዛውንት፣ አንተ ልጅ፣ ፍቀኸው ነበር ወይ አሉኝ። ከአሥራ አምስት ቀን በላይ መሥራቴን ተናገርኩ። ውሸት አይደለም።

ጋሽ ሙሄዲን ፈረዱ። ሃያ አራቱም እስከ እንጨቱ ይፋቃሉ፣ እንደገና ይቀባሉ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አዲስ የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሰው በያንዳንዱ ላይ ይቀመጣሉ። ጋቢው ነጭ ሆኖ ከተነሳ ጉዳዩ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ የእኔ የኑርሁሴን ቤት ከቅሬው ታግዷል።

ታግዷል ማለት ምን ማለት እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ግን ልጻፈው። ከእኔ ቤት ሰው ቢሞት ለፋፊ አይጮህም። መቃብር የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ ይዞ የሚመጣ የለም። እኔና እንድሪስ፣ ሁለታችን ብቻ፣ ቃሬዛውን ከፊትና ከኋላ።

ከእኔ ቤት ደግሞ የታመመ የለም። እናቴ ብቻ ናት።

ነሐሴ 10

ለእናቴ እንዳይነገራት ብዬ ነበር። ፀሐይነሽ እኔ ከመድረሴ በፊት ነግራታለች፣ ከነድምፅ አወጣጡ፤ አንዴ ሙሄዲንን አንዴ አትጠገብን እየሆነች።

ስገባ እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ነበር። «ስንት ነው ወንበሩ?» አለችኝ።

«ሃያ አራት።»

«በቀን ስንት ትፍቃለህ?»

«አንድ።»

ሙሰበሃዋን ከትራስ ሥር አውጥታ የመቁጠሪያውን ፍሬ አንድ አንድ እያለች ገፋች። ብዙ ቆየች። «ጳጉሜ ሦስት መሆኑ ነው» አለች። «እሺ።»

ምኑን እሺ እንዳለች አልገባኝም። ቀጥላ አጥሚት ጠየቀች። ከሦስት ቀን ወዲህ አልቀመስም ያለችውን አጥሚት ግማሽ ኩባያ ጠጣች።

ዘጠኙን ብቻ ብፍቅ በዘጠኝ ቀን ባለቀ ነበር። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ ዘጠኙን አልፈቅኋቸውም ማለት አለብኝ። ሃያ አራት እፍቃለሁ።

ነሐሴ 16

ሰባተኛው። ፍልሰታ ተፈታ፤ ፀሐይነሽ ፈታ ብላ መጥታ አንድ ወሬ ስትነግረን አረፈደች። ሰው እኔን «ባለሦስት መስመር» ይለኛል አለች። እናቴ ሳቀችና ሳሉ ተነሳባት። ጀርባዋን ደገፍኩ። ጀርባዋ ላይ አጥንት ብቻ ነው ያለው። ሰው ሲተኛ ይከሳል መሰለኝ።

በየጧቱ «ስንት ቀረህ?» ትለኛለች። ስለ ሥራዬ ይህን ያህል ጠይቃኝ አታውቅም። የቤት ዕቃ ትወዳለች ለካ።

ነሐሴ 24

አሥራ አምስተኛው። አጥሚቱን ስሰጣት ማንኪያውን በእጇ ገታ አድርጋ፣ «ዘጠኙን ብቻ ብትሠራ ኖሮ እስካሁን አርፈህ ነበር» አለችኝ።

ዘጠኝ የሚለውን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። ለሰው አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ እሷ ደግሞ ከ«ሀ» በቀር አታነብም።

«መፋቂያህ በሐምሌ አሥራ አምስት ቀን ጮኸ» አለች። «ከዚያ ዝም አለ። ታመመ እንዴ ብዬ ነበር። ኋላ ቀለሙ ሸተተኝ።»

ጾም ነበር፤ ወገቤም፤ ሐምሌም እያለቀ ነበር አልኳት። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማችኝ።

«አትጠገብን አጥፍቻለሁና አፉ በይኝ ብለሃታል?»

ገና ነኝ አልኩ።

«ወንበሩንማ ማንም ይፍቀዋል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነሐሴ 25

አትጠገብ ቤት ሄድኩ። ዘጠኙን አለመፋቄን በአፌ ነገርኳት። ስለ ጉም አላነሳሁም። በር ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ ግባ አላለችኝም፤ ሂድም አላለችኝም። ብቻ፣ «እማ ሐዋ እንዴት አደረች?» አለች። ደህና ናት አልኩ። «ደህና ናት» ብላ ደገመችው፣ እንደማያምን ሰው። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ጳጉሜ 1

ሃያ ሁለት። ሁለት ብቻ ቀሩ።

እናቴ ዛሬ ሥራ በዝቶባት ዋለች። ጥቁሩን ሻሽ ለፀሐይነሽ ሰጠች። የብር ቀለበቷን ለእንድሪስ ልጅ አስቀመጠች። ከሳጥኗ የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አስወጥታ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል አናፍሰው አለችኝ። ሰባት ዓመት ያስቀመጠችው ነው። ጨርቅ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ ለዚያ ይሆናል። አናፈስኩት። ፀሐይነሽ ከአጥር ወዲያ አይታኝ የምትለው ጠፋት። ለእሷ እንግዳ ነገር ነው።

አጥሚቱን ዛሬ በቃኝ ብላለች። ሲመሽ፣ «ሁለት ነው የቀረህ?» አለች። ድምፅዋ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነው። መንገድ ሊሄድ ጓዙን የጨረሰ ሰው እንዲያ ይናገራል።

ጳጉሜ 2

አራተኛውን ወንበር ሳየው እግሩ ላይ የሆነ ነገር አለ። ምን እንደሆነ በትክክል መናገር አልችልም። እንደገና ፈቅሁት።

ጳጉሜ 3

ዛሬ ማለቅ ነበረበት። አሥራ አንደኛውም አላማረኝም። ፈቅሁት።

«ስንት ቀረህ?»

«ሁለት።»

ሙሰበሃዋን አየች፣ እኔን አየች። አጥሚት አለ ወይ አለች።

ጳጉሜ 5

የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ለመስከረም ሁለት በዓል እንግዶች መቀመጫ ወንበሮቹን ሊወስድ። በደስታ ነበር፣ ጓድ፣ ግን አልደረቁም አልኩት። ጥቁር ሰማያዊ ካኪውን ከኋላ በእጁ ዳሰስ አደረገና የሌላ ሰፈር አግዳሚ እንደሚሻል ወሰነ።

አንድ ቀርቷል። ሌላው ሁሉ ተፍቆ፣ ተቀብቶ ያበቃለት ነው። ለእናቴም አንድ ቀረ አልኳት። ይህን ማለቱ አላስፈለገም ነበር፤ ካልኩ በኋላ ነው ያሰብኩት።

መስከረም 2 ቀን 1973

ሰልፍ። ሁላችንም ወጣን። ቅስቱ ቀይ ነው፤ ቀለሙ ለካ የተያዘው በከንቱ አይደለም። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም የሚባል የለም። ፀሐይዋ ጨርቅ ታደርቃለች፣ ሸክላ ታደርቃለች፣ ቀለምም ታደርቃለች። ባትቸኩል ምን ነበረበት።

መልስ ስደርስ ፀሐይነሽ እናቴ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ወጥታ በር ላይ ያዘችኝ። «ያን ወንበር ስትፍቀው ሦስተኛህ ነው፣ ኑርሁሴን» አለችኝ፤ እንደ ልማዷ በሳቅ አይደለም። እንጨቱ ችግር አለበት አልኳት። ልትመልስልኝ ነበር፤ ተወችው። ሐኪሙ ያን ዕለት የነገራትን ልትነግረኝ እንደነበር ከፊቷ አወቅሁ። ቶሎ ገባሁ።

መስከረም 6

ጋሽ ሙሄዲን ሳይጠሩ መጡ። ነጭ ጋቢ፤ ታጥቦ፣ ተቀጥቅጦ። ወንበሮቹን ግቢ አውጣቸው አሉ። አወጣሁ። ከመጀመሪያው ጀምረው ተቀመጡ። አንድ ወንበር ላይ አንድ ዱዓ የሚያስጨርስ ጊዜ ይቀመጣሉ፤ ይነሳሉ፤ ጀርባቸውን ያዞሩልኛል፤ እኔ «ነጭ ነው» እላለሁ፤ ወደሚቀጥለው። ሰፈሩ አጥር ላይ ተደርድሮ ያያል። ሃያ ሦስቱን እንዲህ አለፉ።

ሃያ አራተኛው ፊት ቆሜ ነበር። ይሄ አልደረቀም አልኳቸው።

እጃቸውን በጎኔ አሳልፈው መደገፊያውን በጣታቸው ነኩ። ጣታቸውን አዩት። ሌላውን ጣት ደገሙ።

«ደርቋል እኮ።»

«አልደረቀም፣ ጋሽ ሙሄዲን። ከውስጥ ነው። ጊዜ ይስጡኝ።»

«ሰው ይቅርታ ለማግኘት ሽማግሌ ይልካል» አሉ። «አንተ እገዳ እንዲረዝምልህ ትለምነኛለህ?»

እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ሳለች። ረጅም ሳል ነው። ጋሽ ሙሄዲን ግድግዳውን አዩት። ከዚያ ወንበሩን፣ ከዚያ እኔን። ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ።

«ቁርጡን ልንገርህ። አትጠገብ ከትናንት በስቲያ ቤቴ ድረስ መጥታ አፉ ብየዋለሁ ብላለች። የእማ ሐዋ ነገር ሳይደርስ ፍጠኑ ያለችኝም እሷው ናት። ለእናትህ ቅሬው አልተዘጋም፤ ዛሬም ቢሆን፣ ነገም ቢሆን። ልግባና ልንገራት?»

«አይንገሩብኝ» አልኩ።

ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ከከተማው ውጭ ገራዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ኑርሁሴን፣ ይሄ አንዱ ወንበር አልደረቀም። ቅሬው እስኪደርቅ ይጠብቃል» አሉ። ጣታቸውን በነጩ ጋቢ ጫፍ ጠረጉት። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

አጥሩ ላይ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ወረደ። የሳቀ አልነበረም።

መስከረም 9

ጧት ሁለት ማንኪያ አጥሚት። ፀሐይ እግሯ ድረስ ገብታላት ነበር።

«ሙሄዲን ከልጅነቱም ውሸት አይሆንለትም» አለችኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

«ስንት ቀረህ?»

«አንድ።»

«ትናንትም አንድ ነበር።»

«አዎ።»

«ጳጉሜም አንድ ነበር።»

ዋንዛ ጠንካራ እንጨት ነው አልኳት። ዋንዛ ለስላሳ እንጨት ነው፤ የአናጢ እናት ናት፣ ታውቃለች። ሙሰበሃዋን ፈለግሁ፤ ትራሷ ሥር ነው፤ አላወጣችውም። ዓይኗን ጨፈነች። ተኛች ብዬ ኩባያውን ላነሳ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«መጀመሪያም ያበላሸኸው ቸኩለህ ነው» አለች። «ይቺን ቀስ ብለህ ሥራት። እኔ አልቸኩልም።»

እሺ አልኩ።

አሁን ወንበሩን አልጋዋ ካለበት ግድግዳ ጋ አስጠግቼዋለሁ፣ እንድትሰማው። ነገ አንድ እግር እፍቃለሁ። አንዱን ብቻ። ወንበሩ አራት እግር አለው፤ ከዚያ መቀመጫው አለ፤ ከዚያ ሦስቱ ቋሚዎች አሉ። የት እንደደረስኩ ነገ እጽፍልሻለሁ።